ከጅዳ የመጣው ጠርሙስ

ሴትየዋ የፈለጉት ሲሪንጅ ብቻ ነበር። የድሮው ቁጥሩ በእጥበት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። የምሠራው ጅማ ውስጥ፣ መርካቶ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፣ ወረፋው በሩ ድረስ ደርሷል። እንዲህ ባለ ሰዓት ሲሪንጅ ሸጦ "ቀጣይ!" ማለት ቀላል ነው። ግን የትኛውን መጠን እንደምሰጥ ለማወቅ መድኃኒቱን ማየት ነበረብኝ።

"እናቴ፣ ለምን መድኃኒት ነው?"

ከፌስታላቸው አንድ ያማረ ጠርሙስ አወጡ። "ልጄ ከጅዳ የላከችው ነው። ኦሪጅናል!" አሉ በኩራት። ጠርሙሱ ላይ ሲልዴናፊል፣ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ይላል። የምትወስደው ያዘሏት የልጅ ልጃቸው ናት።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ጠርሙሱን አየና "ቪያግራ ለሕፃን?" ብሎ ጮኸ። ወረፋው በሙሉ ዞረ። ሴትየዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ልጁ ውሸት አልተናገረም። ይሉኝታ ነው ያጣው። ፋይዘር ሲልዴናፊልን መጀመሪያ የሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ቪያግራ ሆኖ ወጣ፣ በ2005 ደግሞ በሌላ ስም ለአዋቂዎች የሳንባ ደም ግፊት ተፈቀደ። የሚሠራው ያው ነው፤ የደም ሥርን ያላላል። ፅንስ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ስለሆነ የሳንባው ደም ሥሮች እንደጠበቡ ይቆያሉ። ተወልዶ ሲያለቅስና አየር ሲገባ ይከፈታሉ። አንዳንዱ ላይ ግን አይከፈቱም። በምጥ ጊዜ የታፈነ፣ የራሱን ዓይነ ምድር ወደ ሳንባው የሳበ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ሕፃን ላይ ይብሳል። ደሙ ሳንባን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል። ሀብታም አገር ለዚህ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ዋጋው አይቀመስም። ጋዙ በሌለበት ሐኪሞች ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝነው ሲልዴናፊል ይሰጣሉ። ይቺም ልጅ በዚህ ምክንያት ነው ከሆስፒታል ስትወጣ የታዘዘላት።

ሴትየዋን ከመደርደሪያው ጀርባ አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። ሪፋምፒሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ካለበት የሲልዴናፊሉ መጠን ደም ውስጥ ይለዋወጣል፣ ለዚያ ነበር የጠየቅኩት። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው፦ ሆስፒታሉ ክኒን ፈጭቶ ያዘጋጀላቸው ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ፣ ከሥሩ ትንሽ የቀረው። ጽሑፉ በሽሮፑ ደብዝዟል። ወደ መብራት አስጠግቼ አነበብኩት። በ1 ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊግራም። የሆስፒታሉ ማዘዣ ወረቀት ላይ ደግሞ "1.6 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4 ጊዜ" ይላል።

ልጅቷ 4 ኪሎ ናት። ከቡናማው ጠርሙስ 1.6 ሚሊ ሊትር ማለት 4 ሚሊግራም ነው፤ ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም፣ ልክ ነው። ያንኑ 1.6 ከጅዳው ቢቀዱት 16 ሚሊግራም ይሆናል። አራት እጥፍ። አውሮፓ ውስጥ ዓመት ሞልቶት እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የተፈቀደው እንኳ በአንድ ጊዜ 10 ሚሊግራም ነው።

"ከዚህኛው መስጠት የጀመሩት መቼ ነው?"

"ከትናንት ማታ። ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው! ሌሊቱን ስታለቅስ ነበር የምታድረው። አሁን ጸጥ ብላ ትተኛለች።"

ጸጥታው አስደነገጠኝ። ሕፃኗን ከጀርባቸው አውርጄ አየኋት። እግሯ ቀዝቅዟል። ስትቀሰቀስ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድናለች። ጡት ስትጠባም ቶሎ እንደምትተወው ነገሩኝ። ይህ መድኃኒት ሲበዛ የሳንባውን ብቻ ሳይሆን የመላ ሰውነትን የደም ግፊት ያወርዳል።

በዚህ መሃል ወጣቱ ስልኩን ይዞ መጣ። "አሜሪካኖቹ ለልጆች አይሰጥ ብለዋል፣ ይጣል በላቸው!" ያነበበው እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ልጆች ላይ ሞት በዝቶ ስለታየ፣ ለልጆች እንዳይታዘዝ መከረ። በ2014 ግን፣ ሐኪሙ ጥቅሙ ያመዝናል ካለ ጨርሶ የተከለከለ አይደለም ብሎ አብራራ። በ2023 ከ1 እስከ 17 ዓመት ላሉት ፈቀደ። ከዓመት በታች ላሉት ፈቃዱ እስካሁን የለም። እንደዚያም ሆኖ፣ ሲወስድ የቆየ ሕፃን በራሱ ቤተሰብ ውሳኔ በአንድ ቀን ቢያቆም የሳንባው ግፊት ተመልሶ ሊያሻቅብ ይችላል። የአሜሪካ ማስጠንቀቂያ ጅማ ላይ ተቆንጥሮ ሲነበብ እንዲህ ነው።

ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ለሐኪሟ ደወልኩ። "ቀጣዩን እንዳይሰጧት፣ አሁኑኑ ይምጡ" አለች። ወጣቱ ዝናቡ ውስጥ ሮጦ ባጃጅ አስቆመ። ሁለቱንም ጠርሙሶች አብሬ ላክኩ፤ ወረቀት ላይም ሁለቱን ቁጥሮችና የሰጡበትን ሰዓት ጻፍኩ። ለማስታወስ ብለው በቃል ከሚናገሩት ይልቅ ጠርሙሱ ራሱ ነው ለሐኪሟ የሚጠቅማት።

ግፊቷ ወርዶ ነው የተገኘው። ተኝታ፣ በሞኒተር ስትታይ አድራ ዳነች። መድኃኒቱም በትክክለኛው መጠን ቀጠለ፣ ከሆስፒታሉ ጠርሙስ ብቻ።

ሴትየዋ ከጥቂት ቀን በኋላ መጡ፣ ተቆጥተው። "የፈረንጁን ከልክለው የተፈጨውን ሰጡኝ" አሉ። የልጃቸው ሪያል ቆጭቷቸዋል፣ አይፈረድባቸውም። የጅዳው በጥራት አያንስም። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ዕድሜው አጭር ነው፣ ሲያልቅም ከዚህ አይገዛም። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥንካሬ ያለው አንድ መድኃኒት ከተቀመጠ ደግሞ ሌሊት በእንቅልፍ ዓይን የሚቀዳው ሰው የትኛውን እንዳነሳ ማን ያውቃል?

"እናቴ፣ አቦልና በረካ በአንድ ሲኒ ቢቀዳ እኩል ነው?" አልኳቸው። ሳቁ። ገባቸው።

ከዚያ ወዲህ ለሕፃን ፈሳሽ መድኃኒት ስሰጥ "ገብቶዎታል?" ብሎ ነገር የለም። ሁሉም ሰው "አዎ" ነው የሚለው። ሲሪንጁን ሰጥቼ "ቀድተው ያሳዩኝ" እላለሁ። የሚሊግራሙንም የሚሊ ሊትሩንም ቁጥር እጽፋለሁ፣ ሲሪንጁ ላይም በፕላስተር ምልክት አደርጋለሁ። ወጣቱ መጀመሪያ "ወረፋው ይቆማል" ብሎ ተከራከረኝ። ይቁም።

ያን ቀን ሴትየዋ ሊወጡ ሲሉ ተመለሱ። አጋሮ ያለች ጎረቤታቸው ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ የተባለ ልጅ አላት። የጅዳውን ለእሱ ቢሰጡት? ምጽዋት እኮ ነው! ልቤ ነው የወደቀው። ሰፊ ቀዳዳ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም መብዛቱ ነው። የሳንባውን ደም ሥር ብትከፍትለት ጎርፉን ትጨምርበታለህ። አንድ ዓይነት የሚመስል የትንፋሽ ማጠር፣ ተቃራኒ ሕክምና። ይህን ያህል አላብራራሁላቸውም። "ያንን ልጅ ይገድለዋል" አልኳቸው። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ለልጄ ግን አንተ ነህ የምትነግራት" አሉና ኢሞ ከፍተው ስልኩን ሰጡኝ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ሥራ ላይ ናት፣ ከኋላዋ የዕቃ ማጠቢያ ድምፅ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ምን ልላክላት?" አለች።

"ማንኛውንም መድኃኒት ከመላክሽ በፊት የጠርሙሱን ፎቶ ላኪልኝ" አልኳት።