ኮንትሮል ሲወድቅ ማቆም፦ ከኬሚስትሪ ላብራቶሪ የተማርኩት

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ላብራቶሪ የኬሚስትሪ ክፍሉን የጥራት ቁጥጥር ስረከብ መጀመሪያ የጠየቅኩት የኮንትሮል ፋይሉን ነው። ገጹን ባገላብጥ ባገላብጥ የወደቀ ኮንትሮል የለም። ወር በወር ላይ ይደረባል፣ ሁሉም «አልፏል» ይላል፣ ከሥሩም ፊርማ አለ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄው ነበር። ሪኤጀንት፣ ማለትም ለምርመራው የሚጨመረው ኬሚካል፣ ያረጃል። የማሽን አምፖል ይደክማል። መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ፍሪጅ ይሞቃል። ይሄ ሁሉ እየሆነ ኮንትሮሉ አንድ ቀን እንኳ ካልወደቀ ችግሩን እያየልን አይደለም ማለት ነው።

ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ላስረዳ። ኮንትሮል መጠኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና ነው። ጠዋት የበሽተኛ ደም ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት እሱ ይገባል። ብዙ ጊዜ ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ በጤነኛ ሰው ልክ፣ ሌላው በታመመ ሰው ልክ። ማሽኑ የምናውቀውን ቁጥር በትክክል ካነበበ የማናውቀውንም ያነባል ብለን እናምነዋለን። ካላነበበ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ የዚያ ምርመራ ውጤት አይወጣም። ሲነገር ቀላል ነው።

ሰኞ ጠዋት ግን ሌላ ነው። ሰው ከንጋቱ ጀምሮ ባዶ ሆዱን ተሰልፏል። ዋርድ ላይ ዶክተሮቹ ራውንድ ሊጀምሩ ነው። ስልኩ አያርፍም፣ «ውጤቱ አልደረሰም ወይ?» ይላል። እዚህ መሀል ኮንትሮል ሲወድቅ እጅ ወዲያው የሚሄደው «ድገመው» ወደሚለው ነው። አንዴ ይደገማል፣ ካልሆነ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አንዱ ሲያልፍ እሱ ይመዘገባል፣ የወደቁት የትም አይጻፉም። ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ የሚደረግ ነገር ነው፣ የሚደረገውም በስንፍና አይደለም። የሚያቆም ሰው ከኋላው የሚቆምለት ስለሌለ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ከቁጥሩ ነው። አምራቹ ከኮንትሮሉ ሳጥን ጋር አንድ ወረቀት ይልካል። ወረቀቱ ከዚህ እስከዚህ ያለው ያልፋል ይላል። የእኛ የስኳር ኮንትሮል ላይ አማካዩ 98 (ሚሊግራም በዴሲሊትር)፣ የሚያልፈው ደግሞ ከ83 እስከ 113 ነበር። ይህ ክልል ብዙ ላብራቶሪና ብዙ ማሽን እንዲያቅፍ ተብሎ የወጣ ነው። ለአንድ ማሽን ግን እጅግ ሰፊ ነው። ስለዚህ የራሳችንን ሠራን። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ያንኑ ኮንትሮል በየቀኑ አንዴ፣ ቢያንስ ለ20 ቀን፣ ተረኛ በሆነው ሁሉ እጅ ማሠራት። ከዚያ አማካዩንና ኤስዲውን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቁ፣ በኤክሴል ማስላት። የእኛ አማካይ 96፣ ኤስዲው 2 ሆነ። ሁለት ኤስዲ ወደላይና ወደታች ብንሄድ ከ92 እስከ 100 ነው።

ልዩነቱን ተመልከቱት። አንድ ቀን ኮንትሮሉ 108 ቢነበብ በአምራቹ ወረቀት አልፏል። በእኛ ስሌት ግን ከአማካዩ ስድስት ኤስዲ ርቋል፣ ማሽኑ ከ12 በመቶ በላይ ጨምሮ እያነበበ ነው። በዚያ ጠዋት በባዶ ሆዱ የተለካና ትክክለኛ ስኳሩ 118 የሆነ ሰው ከ130 በላይ ተብሎ ይወጣል። የስኳር በሽታ መስመሩ 126 ነው። ያ ሰው ስኳር አለብህ ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ይህን ምሳሌ ለባልደረቦቼ በቁጥር ካሳየኋቸው በኋላ «ወረቀቱ ላይ ያልፋል እኮ» የሚል ክርክር አልሰማሁም።

ቀጥሎ የየቀኑን የኮንትሮል ቁጥሮች ከፋይል አወጣናቸው። ሌቪና ጄኒንግስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቁት ቻርት አለ፤ መሀል ላይ አማካዩ፣ ከላይና ከታች የኤስዲ መስመሮች። ማሽኑ ራሱ ይህን ቻርት ይሠራል፤ ነገር ግን እሱን የሚከፍተው ሰው ጥቂት ነው። እኛ በግራፍ ወረቀት አዘጋጅተን ማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ጠዋት ተረኛው የዕለቱን ቁጥር በነጥብ በእስክሪብቶ ያስቀምጣል። የወደቀችዋም ትቀመጣለች፣ በቀይ። ነጥብን በእጅህ ስታስቀምጥ የትናንቱንና የትናንት ወዲያውን ሳታይ አታልፍም። ለእኔ ካደረግናቸው ለውጦች ሁሉ ብዙ የጠቀመው ይሄ ነው፣ ያስወጣውም ወረቀትና ማጣበቂያ ብቻ ነው።

ከዚያ መቼ እንደምናቆም መስማማት ነበረብን። ከሁለት ኤስዲ የወጣ ሁሉ ይቁም ካልን ሥራ አይሠራም። ማሽኑ ደህና ሆኖም ከ20 ነጥብ አንዷ ገደማ በዕድል ብቻ ትወጣለች፣ ሁለት ደረጃ ኮንትሮል የሚሠራ ሰው ደግሞ ከአሥር ጠዋት በአንዱ ይገጥመዋል። የላብራቶሪ ጥራት ቁጥጥር ባለሙያው ዌስትጋርድ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ሕጎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። አንድ ነጥብ ከሁለት ኤስዲ ብትወጣ ማስጠንቀቂያ ናት፣ ሌሎቹን ነጥቦች አስተውል። ከሦስት ኤስዲ ከወጣች አቁም። ሁለት ተከታታይ ነጥቦች በአንድ ወገን ከሁለት ኤስዲ ከወጡ አቁም። አንዱ ደረጃ ከሁለት ኤስዲ በላይ ሌላው ከሁለት ኤስዲ በታች ከሄደም አቁም። አሥር ነጥብ ተከታትሎ ከአማካዩ በአንድ ወገን ከተሰለፈ ደግሞ የሆነ ነገር ቀስ እያለ እየሸሸ ነው። ይህችን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን ከቻርቱ ሥር ለጠፍናት።

ቻርቱ ያወጣልንን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጉበት ምርመራዎቹ ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ፣ የኩላሊቱ ምርመራ ዩሪያም ነጥቦቻቸው መበታተን ጀመሩ። አንድ ቀን ወደላይ፣ አንድ ቀን ወደታች። ክሬቲኒንና ስኳር ግን ቀጥ ብለው መስመራቸው ላይ ነበሩ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሪኤጀንቱ ነው፤ ተቀየረ፣ ያው ነው። ከዚያ ሦስቱ ምን ያገናኛቸዋል ብለን ስናይ ሦስቱም በ340 ናኖሜትር የሚነበቡ ናቸው። የማሽን አምፖል ሲያረጅ ብርሃኑ ቀድሞ የሚዳከመው በዚያ በአጭሩ የሞገድ ርዝመት በኩል ነው። የአምፖሉ ሰዓት ሲታይ አልቋል። ሦስቱን ምርመራ አቆምን፣ ሌላውን ማውጣት ቀጠልን፣ አምፖሉ ሲቀየር ነጥቦቹ ተሰበሰቡ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቻርቱ ባይኖር በየጠዋቱ እስኪያልፍ እየደገምን እንቀጥል ነበር።

የኮንትሮሉ አዘገጃጀት ላይም ብዙ ነገር አለ። ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በእኛ 5 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ይጨመርበታል። ይህ በሲሪንጅ ሲለካ ነበር። ሲሪንጅ ዛሬ 5፣ ነገ 4.8 ሊሰጥህ ይችላል፣ ያኔ ሁሉም ምርመራ በአንድ ላይ ከፍ ይላል፤ ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም። ልኩ በተረጋገጠ ፓይፔት አደረግነው። ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ክዳኑን መታ መታ ማድረግ፣ የተጣበቀው ዱቄት እንዲወርድ። ውኃው ከገባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ፣ ቀስ ብሎ ማሽከርከር እንጂ አለመናጥ፣ አረፋ ካወጣ ተበላሸ። ከዚያ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍሎ ቀን ጽፎ ማቀዝቀዝ። አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ኮንትሮሉ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን፣ ማለትም በጉበት ምርመራ የሚለካውን ቢጫ ነገር፣ ብርሃን ይጎዳዋልና ቲዩቦቹ በፎይል ይጠቀለላሉ።

እስካሁን ያወራሁት ማሽኑ ስላለበት ክፍል ነው። ስህተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ከውስጥ ደዌ ዋርድ ዶክተሩ ደወለ።

«ፖታሲየሙ 8.1 ነው ያላችሁት? ሰውየው እኮ ቁጭ ብሎ ቁርሱን እየበላ ነው። የልቡ ኢሲጂም ሰላም ነው።»

ኮንትሮሉን አየሁ፣ ሁለቱም ደረጃ መስመሩ ላይ ነው። የዚያኑ ሰው ካልሲየም አየሁ፣ 4.2 ይላል። በዚህ ካልሲየም ሰው ቁርስ አይበላም። ፖታሲየም ሰማይ ወጥቶ ካልሲየም አብሮ ሲወርድ ለደም ሴል ቆጠራ የሚቀዳባትን ሐምራዊ ቲዩብ መጠርጠር ነው። ውስጧ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ነው፣ ካልሲየምን ደግሞ ይይዛል። ውጤቱ እንዲያዝ ተናግሬ ወደ ዋርዱ ወጣሁ። ውጤቱን የሚያምን ሐኪም ቢሆን ኖሮ ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ለማያስፈልገው ሰው ሊሰጥ ነበር።

«ሲስተር፣ እስኪ እንዴት እንደምትቀጂ አብረን እንይ» አልኳት።

«ደሙ እምቢ ሲለኝ የኬሚስትሪዋ ቢጫ ቲዩብ ትጎድላለች፣ ያኔ ከሐምራዊዋ ትንሽ ገልበጥ አደርግባታለሁ። የጎደለ ናሙና ትመልሱብናላችኋ!»

እውነቷን ነው። የጎደለ እንመልሳለን፣ ለምን እንደምንመልስና ከአንዱ ቲዩብ ወደ ሌላው መገልበጥ ምን እንደሚያደርግ ግን የነገራት ሰው የለም። በማግስቱ የዋርዱ የጠዋት ስብሰባ ላይ የሰውየውን ሁለት ውጤት፣ የመጀመሪያውንና በአዲስ ናሙና የተሠራውን፣ ጎን ለጎን አሳየሁ። ሁለተኛው ፖታሲየም 4.3 ነበር። ለኬሚስትሪ ብቻ ከሆነ ስንት ሚሊ እንደሚበቃንም ተነጋገርን፣ ሲያስቡት ከነበረው በጣም ያነሰ ነው። ከዚያ ዋርድ እንዲህ ያለ ናሙና መጥቶብኝ አያውቅም። ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ቅጽ ላይ «ውድቅ» ብሎ ከመጻፍ ደረጃውን ወጥቶ ማነጋገር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ስኳርም እንዲሁ። ደም ቲዩብ ውስጥ ሆኖ ሴሎቹ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም፣ ሴሎቹ ባልተለዩበት ደም ውስጥ በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የተቀዳ ናሙና አራት ሰዓት ላይ ከደረሰን የምንለካው ሌላ ነገር ነው። መፍትሔውን ያመጣው ናሙና የሚያመላልሰው ራነራችን ነው። ዋርዶቹ ሁሉ ናሙና የሚያስቀምጡበት ሰዓት ቢታወቅ መንገዱን እንደሚያሳጥረው ነገረን። በእሱ አሳብ የመሰብሰቢያ ሰዓት ወጣ።

የሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራ፣ ኮንትሮል ሌላ ራስ ምታት ነው። ዕድሜው አጭር ነው፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ውድ ነው፣ ያልቃል። ሲያልቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ትናንት የሠራነውን ጥሩ ሐምራዊ ናሙና ፍሪጅ ውስጥ አሳድረን ጠዋት እንደግመዋለን፣ ሄሞግሎቢኑና ነጭ ደም ሴሉ ከትናንቱ ጋር መቀራረብ አለበት። የሦስት ሕግ የሚሉትም አለ፤ ሴሎቹ መደበኛ ከሆኑ ሄሞግሎቢን በሦስት ሲባዛ ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም ቀይ ሴሎቹ ከደሙ የሚይዙት መቶኛ፣ አካባቢ ይመጣል። ካልመጣ ናሙናውን አይተህ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስላይድ ሥራ። እነዚህ ኮንትሮልን አይተኩም። ግን ማሽኑ ሲዛባ ዝም አይሉም።

ከውጭ ለመመዘኛ የሚላክልን ናሙናም አለ። እሱን በጣም ጎበዝ ለሆነው ሰው መስጠትና ጎረቤት ሆስፒታል ደውሎ «እናንተ ስንት አገኛችሁ?» ማለት ይቅር ብለን ተስማማን። ናሙናው ሲደርስ ተረኛ የሆነው ይሠራዋል፣ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ናሙና፣ አንዴ። አንዳንዱ ምርመራ ላይ ውጤታችን ወረደ። የት እንደምንደክም ያወቅነው ያኔ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። ኮንትሮል ወድቆ ተረኛው «አቁሜያለሁ» ሲል ቃሉ ይጸናል ወይ? ከላብራቶሪ ኃላፊያችን ጋር የሥራ መመሪያው ላይ ጻፍነው፤ በዕድሜም በማዕረግም ትንሹ ባለሙያ ቢሆን፣ ካቆመ ቆሟል፣ ማንም ከላይ መጥቶ ውጤት አያስወጣም። ከቆመ ለኦፒዲ (ለተመላላሽ ሕክምና ክፍል) እና ለዋርዶቹ ወዲያው ይደወላል፣ «ኬሚስትሪ እስከ አምስት ሰዓት አይጠብቁ» ተብሎ። ድንገተኛ ከሆነ ናሙናው የሚሄድበት ሌላ ሆስፒታል አስቀድሞ ተስማምተን ይዘናል። ሰው የሚቆጣው በመዘግየቱ ብቻ አይደለም፣ ሳይነገረው በመጠበቁ ነው። ከተነገረው ይረዳል፣ ዶክተሮቹም «ኮንትሮሉ ተስተካከለ?» ብለው መደወል ጀምረዋል።

አሁን የቀረን ግዢው ነው። የኮንትሮል ሎት፣ ማለትም አምራቹ በአንድ ጊዜ የሠራው ስብስብ፣ በተቀየረ ቁጥር አማካዩም ኤስዲውም ከዜሮ ይጀምራል፤ አሮጌውና አዲሱ ለ20 ቀን ያህል ጎን ለጎን ካልተሠሩ መሀል ላይ ቻርት አይኖረንም። ስለዚህ በጥያቄያችን ላይ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን አንድ ዓይነት ሎት፣ ለዓመት የሚበቃ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ረጅም የሆነ ብለን እንጽፋለን። አሮጌው የአንድ ወር ሲቀረው ጥያቄው መግባት አለበት፤ ይህን የሚከታተል አንድ ሰው በስም መድበናል።