ሦስት ጊዜ የተተረተረው ሱሪ

ለራሴ ሱሪ ለመስፋት ስነሳ ቀሚስና የትራስ ልብስ ሰፍቼ አውቅ ነበር። ሱሪም አያቅተኝም አልኩ። ቀሚስ ግን ከወገብ ወደ ታች ዝም ብሎ ይወርዳል። ሱሪ በሁለት እግር መሀል ያልፋል፤ ስንቀመጥ፣ ስንጎነበስ፣ ደረጃ ስንወጣ አብሮን መታጠፍ አለበት። ይሄ የገባኝ ጨርቁን ከቆረጥኩ በኋላ ነው።

የመረጥኩት ወፈር ያለ፣ የማይለጠጥ ሰማያዊ ጥጥ ነው። መጀመሪያ አጥቤ ተኮስኩት። ጥጥ ሲታጠብ ሊሸበሸብና ሊያጥር ስለሚችል፣ የሚያጥረው ገና ሳይቆረጥ ቢያጥር ይሻላል። እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

መቀሱን ሳነሳ ግን ተበላሸ። ጨርቁ እንዳያንሰኝ ብዬ ሳላጥፈው ዘረጋሁትና አንድ በአንድ ቆረጥኩ። ሁለተኛውን የፊት እግር ስቆርጥ የሱሪው ቅርጽ የተሳለበትን ወረቀት መገልበጥ ረሳሁ። ሁለት ግራ እግር ይዤ ቀረሁ። የጨርቁ ውስጥና ውጭ አንድ ዓይነት ቢሆን ገልብጬ እሰፋው ነበር፤ የእኔ ግን ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ደግነቱ ለአንድ እግር የሚሆን ጨርቅ ተርፎ ነበር። የተበላሸውን እግር ደግሞ ለወገቡና ለኪሱ ቆረጥኩት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በአንድ በኩል «ቀኝ»፣ በሌላው «ግራ» ብዬ ሳልጽፍበት መቀስ አልነካም።

ትልቁ ችግር መቀመጫው ነበር። እግሮቹን ገጣጥሜ፣ ገና ዚፕ ሳላስገባ ለበስኩትና መስታወት ፊት ቆምኩ። ከብሽሽቴ ጀምሮ ወደ ሁለቱም ጭኖቼ የተወጠሩ መስመሮች ይታያሉ። ስቀመጥ ከኋላ ወገቡ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ስፌቱም ይቆነጥጠኛል። ዳሌው ጠቦ ነው ብዬ የጎኑን ስፌት ተርትሬ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለቀቅኩ። ጎኑ ሰፋ፤ መስመሮቹ ግን እዚያው ናቸው።

ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ አየችውና «ዳሌሽን ተይው፤ ሜትሩን ከፊት ወገብሽ በእግሮችሽ መሀል አሳልፈሽ እስከ ኋላ ወገብሽ ለኪው» አለችኝ። 69 ሴንቲ ሜትር መጣ። የሱሪውን ስፌት በዚያው መንገድ ስለካው 65 ነው። ጥበት የመሰለኝ ነገር እጥረት ነበር! መስመሮቹ ወደ ብሽሽቴ የሚጠቁሙት ያነሰኝ ጨርቅ እዚያ ስለሆነ ነው። ሱሪ በሰፋሁ ቁጥር አሁን መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ የተወጠረ መስመር ወዴት እንደሚያመራ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተረተርኩ። በውስጥ ጭን በኩል የተውኩት የስፌት ትርፍ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ግማሹን ለቀቅኩ። ከኋላ ወገቡም ላይ ትንሽ አተረፍኩ። ተሻለ፤ ግን መቆንጠጡ አልለቀቀም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሞከርኩ፤ ከኋላ በመቀመጫው በኩል ያለውን ጎባጣ ስፌት በግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ እንደገና ሰፋሁት። ጎባጣው ዝቅ ሲል ስፌቱ ይረዝማል፣ ለመቀመጫም ቦታ ይሰጣል። ለበስኩት። ምንም ለውጥ የለም።

ያን ማታ ሱሪውን ወንበር ላይ ጥዬው ተኛሁ። ጠዋት ገልብጬ ሳየው አዲሱ ስፌት ከታች አለ፤ ከሱ በላይ ግን አሮጌው ትርፍ ጨርቅ እንዳለ ቆሟል። ሰውነቴ ያረፈው አዲሱ ስፌት ላይ ሳይሆን እዚያ ወፍራም ጠርዝ ላይ ነበር። ትርፉን 7 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቼ ቆረጥኩት። ስለብሰው ጨርቁ ቦታውን ይዞ ቁጭ አለ። በእውነት፣ በደስታ ክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ። ይህን የምትሞክሩ ግን በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ እየለካችሁ ሂዱ፤ የተቆረጠ አይመለስም።

መተርተሩ ያላሰለቸኝ በአንድ ምክንያት ነው። ለልክ የሰፋሁት በቀይ ክር፣ ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ሰፋፊ ስፌት ነበር። ቀዩ ሰማያዊ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አንዱን ጫፍ በጥሼ ስስበው ተከታትሎ ይወጣል። የመጀመሪያውን የጎን ስፌት ግን በጠባብ ስፌትና በሰማያዊ ክር ሰፍቼው ስለነበር አንድ ምሽት ሙሉ መብራት ሥር በመርፌ ስለቅም አመሸሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው። ልኩ ሲያምር በ2.5 ሚሊ ሜትር ዘጋሁት፤ መቀመጫው ላይ ብዙ ጫና ስላለ ሁለት ጊዜ ደረብኩት።

ዚፑም መርፌ ሰበረብኝ። የብረት ጥርሱ ላይ በፍጥነት ነዳሁበት። ወደ ዚፑ ጫፍ ስደርስ እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ የስፌት መኪናውን ጎማ በእጄ ማዞር ነበረብኝ። ቁጥር 100 የጂንስ መርፌ ከተካሁ በኋላ ወፍራሙ መገጣጠሚያም አላስቸገረኝም።

ሱሪውን እየለበስኩት ነው። ስቀመጥ ወገቡ አይንሸራተትም። ሁለተኛው ቡናማ ነው። የኋላው ወረቀት ላይ የጎደለውን ርዝመት ከመቁረጤ በፊት ጨምሬያለሁ፤ ቀዩ ክርም መኪናው ላይ ተሰክቷል።