«ራን» ሁልጊዜ አይሮጥም

ከእንግሊዝኛ ቃላት በትርጉም ብዛት የሚስተካከለው የለም የሚባለው፣ ማንኛውም ጀማሪ የሚያውቀው ባለ ሦስት ፊደሉ «ራን» (run) ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 በ20 ቅጾች በታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ረጅሙን ሐተታ ይዞ የነበረው፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ከእህቶቻችን ስም ጋር የሚምታታው «ሴት» (set) ሲሆን፣ ትርጉሞቹም 430 ያህል ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ፒተር ጊሊቨር የተባሉት አዘጋጅ «ራን»ን እንደ አዲስ ሲያዘጋጁ ግን በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉም ቆጠሩለት። ከምክንያቶቹ አንዱ ማሽን ነው፤ ባቡሩም፣ የፋብሪካው ሞተርም፣ በኋላም የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ሥራቸው የተገለጸው በዚሁ ግስ ነው።

እዚህ ጅማ፣ በግቢያችን የምትኖር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን «ሮጠ» የሚለውን ፍቺ ብቻ ይዛ ስለ ጉንፋን በሚያወራ ምንባብ ውስጥ አፍንጫ «ራን» ያደርጋል የሚል ስታነብ ግራ ገብቷት፣ «ጋሼ፣ አፍንጫ እግር አለው እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የሚያስቅ ቢመስልም፣ ጉንፋን «ያዘኝ» ስንል ጉንፋን እጅ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቀን የለም። ዝናብ በማያጣት ከተማችን የዘገየ ሰው «ዝናብ ይዞኝ ነው» ይላል፤ ፖሊስ ሌባ ይይዛል፣ አዳራሽ ሰው ይይዛል፣ ሰው ቀጠሮም ቂምም ይይዛል።

ስለዚህ የትርጉም ዝርዝር ማሸምደድ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ከግሱ በፊትና በኋላ ያለውን ማየት ይበልጣል፦ ባለቤቱ ወንዝ ወይም አፍንጫ ከሆነ ይፈሳል፣ ማሽን ከሆነ ይሠራል፤ ሰው ሆኖ ከግሱ በኋላ ሱቅ ከመጣ ሱቁን ያስተዳድራል፤ «ፎር» ከተከተለውና ነገሩ የምክር ቤት ወንበር ከሆነ ይወዳደራል፤ «አውት ኦፍ» ከተከተለው ደግሞ ስኳሩ ወይም ቤንዚኑ አልቆበታል። እንግሊዝኛ በአንድ ግስና በትንንሽ ተከታዮቹ የሚጨርሰውን፣ አማርኛ ለየብቻ ግስ መድቦለታል። «ራን ኤ ፊቨር» ሲባል ትኩሳት አለበት ማለት መሆኑን ግን በዚህ መንገድ የሚደርስበት ያለ አይመስለኝም፤ እሱን እንዳለ መያዝ ነው።