ዴይተን፦ የመኪና መብራት ማብሪያ የተወለደበት ጓሮ

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ካለችው ከኮሎምበስ ተነሥቼ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የተጓዝኩት አሽከርካሪ ሁሉ ዛሬ ሳያስበው የሚነካው የመብራት ማብሪያ በቀደምቶቹ ቅንጡ መኪኖች ላይ እንዴት እንደ ተቀረጸ ለማየት ነበር። ብዙ ሰው ዴይተን የሚሄደው ለራይት ወንድማማቾች ነው፤ እኔም አውሮፕላናቸውን ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቀኑ አልበቃኝም።

መጀመሪያ ያመራሁት ወደ ካሪሎን ታሪካዊ ፓርክ ነው። ቀድሞ ከኤድዋርድ ዲድስ መኖሪያ ቤት ጓሮ የነበረው የእንጨት መጋዘን ዛሬ የሚጎበኘው እዚያ ነው። ዲድስና ቻርልስ ኬተሪንግ ከገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን አምራቹ ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ባልደረቦቻቸው ጋር ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ እየተሰበሰቡ የሠሩት በዚህ መጋዘን ሲሆን፣ ዴልኮ የተባለው ኩባንያም በ1909 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ከዚሁ ጥረት ነው።

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት ከእነርሱ በፊት የነበረውን የሌሊት ጉዞ ማሰብ ያስፈልጋል። እጅግ ውድ በሆኑት መኪኖች እንኳ የፊት መብራቱ የሚነደው በአሲቲሊን ጋዝ ነበር። ሾፌሩ ውኃ ሲነካው ጋዙን በሚሰጠው ካርባይድ ላይ ውኃ እንዲንጠባጠብ መክፈቻውን አላልቶ ጋዙ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ከዚያም ከመቀመጫው ወርዶ የናሱን ፋኖስ መስታወት ይከፍትና በክብሪት ይለኩሰዋል። የጎንና የኋላ መብራቶች በላምባ የሚሠሩ ስለ ነበሩ እነርሱንም አንድ በአንድ ማዳረስ ነበረበት። የክሊቭላንዱ መኪና አምራች ፒርለስ በ1908 የኤሌክትሪክ የፊት መብራት ማቅረቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የካርቦን ክር ያለው አምፖል የመንገዱን ንዝረት አይችልም፣ ባትሪውን በጉዞ ላይ የሚሞላ አስተማማኝ ዲናሞም ገና አልነበረም።

ኬተሪንግ ለገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የኤሌክትሪክ ሞተር የሠራ ሰው በመሆኑ፣ ትንሽ ሞተር ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ቢጫንበትም እንደማይቃጠል ያውቅ ነበር። የካዲላኩ ሄንሪ ሊላንድ ሰው የሚጎዳውን ማኖቬላ የሚተካ መሣሪያ ሲፈልግ፣ ኬተሪንግ ይህንኑ ዕውቀት ወደ መኪናው አመጣው። በ1912ቱ ካዲላክ ላይ አንዱ ማሽን ሞተሩን ያስነሣል፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ዲናሞ ሆኖ ባትሪ ይሞላል። ለማስነሣት 24 ቮልት፣ ለመብራትና ለመሙላት 6 ቮልት ስለሚያስፈልግ፣ ባትሪዎቹን አንዴ በተከታታይ፣ አንዴ ጎን ለጎን የሚያገናኝ ማብሪያ ማዘጋጀት ግድ ሆነ። በእኔ ግምት የዚህ ሥራ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አሽከርካሪው ስለ ቮልት ምንም ሳያውቅ መኪናውን ያስነሣል፣ መብራቱንም ያበራል። ካዲላክ ለመኪና ቴክኒክ ዕድገት የሚሰጠውን የለንደኑን የዲዋር ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ያገኘውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

ከሰዓት በኋላ መሀል ከተማ ወደሚገኘው የፓካርድ መኪና ሙዚየም ሄድኩ። ሕንፃው ራሱ የቀድሞ የፓካርድ መሸጫ ነው። ፓካርድ «38» በተባለው ሞዴሉ የመሪውን ቦታ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዛውር፣ የማስነሻውን፣ የሻማውን እሳት፣ የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ እንዲሁም የመብራቱን መቆጣጠሪያ በአንድ ሰሌዳ ሰብስቦ በመሪው ዘንግ ላይ ተከለው፤ በ1915 የወጣው ባለ 12 ሲሊንደሩ «ትዊን ሲክስ»ም ይህንኑ አሠራር ተከትሏል። መንካት ስለማይፈቀድ ጎንበስ ብዬ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከትኩት። ሰሌዳው የቆመው ከመሪው ክብ በታች ስለሆነ፣ እጁን ከመሪው ብዙም ሳያርቅ የሚነዳ ሰው በጣቶቹ ይደርስበታል። ያማረ እንጨትና ቆዳ በሌሎች መኪኖችም አለ፤ ለእኔ የዚህ መኪና እውነተኛ ቅንጦት ሾፌሩ በጨለማና በዝናብ ከመቀመጫው እንዳይወርድ ማድረጉ ነው።

ብርሃኑ ሲበረታ ግን ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ማጥበርበር ጀመረ። አንዳንዶቹ አምራቾች በፋኖሱ ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ አምፖል አስገቡ፣ ሌሎቹ ጉልበቱን በሚቀንስ ሽቦ አደበዘዙት፤ ካዲላክ ጨረሩን ወደ መሬት የሚያዘነብል በእጅ የሚሠራ መቆጣጠሪያ አመጣ። የጀርመኑ አምፖል አምራች ኦስራም በ1924 «ቢሉክስ» የተባለውን ባለ ሁለት ክር አምፖል ካወጣ በኋላ ግን፣ ከአጭር ወደ ረጅም መብራት መለወጥ ፋኖሱን ማንቀሳቀስ የማይጠይቅ የአንዲት ማብሪያ ሥራ ሆነ።