ወንበር ላይ የተመረጠ ጊታር

ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ የምሽት ክበብ ነው የሆነው። ባንዱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይጫወታል፤ በመሀል አጫጭር እረፍት አለ። ከመጨረሻው እረፍት በኋላ ዘፋኟ ጉራጊኛ ስታነሳ ቤቱ አብሮ ተነሣ፣ ጊታሪስቱም እንደ ልማዱ ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ። ግራ እጁን ከጊታሩ አንገት ላይ አንስቶ ሊያጨበጭብ ሲል የጊታሩ ራስ ወደ መሬት ተደፋ፤ ማንገቻው ተጠማዞ ከሚታሰርበት ከፊተኛው ቁልፍ ሾለከና ጊታሩ ወድቆ በራሱ በኩል መድረኩ ላይ ባለው የሞኒተር ድምፅ ማጉያ ጠርዝ ላይ አረፈ። የተሰነጠቀው ክሮቹ ከሚያርፉባት ነጭ አጥንት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንገቱ ከጊታሩ ራስ ጋር የሚጋጠምበት ቀጭን ቦታ ነው። የቀረውን ሌሊት ኪቦርዱ የጊታሩን ድርሻ ደርቦ ተወጣው።

በማግስቱ ባንዱ ውስጥ የነበረው ክርክር ሁሉ ስለ ማንገቻው ነበር። ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ርካሽ ነው፣ ቀድሞ መቀየር ነበረበት ተባለ። ፒያሳ ያሉት ሽማግሌ ጠጋኝ ግን ማንገቻውን ዞር ብለው አላዩትም። ጊታሩን ከሳጥኑ አውጥተው በአንድ ጣት ከጀርባው አንገቱ ሥር ደገፉት፤ እዚያው ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ።

«ይኸው፣ ክብደቱ ቁልፉ ላይ ነው ያለው» አሉ። «ስትገዛው ቆመህ ሞክረኸዋል?»

«አይ ጋሼ፣ ሱቁ ውስጥ ወንበር ሰጥተውኝ ነው የሞከርኩት። በጣም ቀላል ነበር።»

ቀላል መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ በፊት ይዞት የነበረው የሌስ ፖል ቅርጽ ያለው ጊታር ሚዛን ላይ 4.3 ኪሎ ይወጣል፤ በሦስት ሰዓት ተኩል ሥራ ግራ ትከሻውን ይገድለው ነበር። ስለዚህ የኤስጂ ቅርጽ ያለውን መረጠ፦ 2.8 ኪሎ፣ ቦዲው (ዋናው አካሉ) 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚወፍር፣ ጠርዙ ሁሉ የተጠረበ፣ ሁለት ቀንድ ያለው፣ እጅ እስከ መጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ያለ ችግር የሚደርስበት። ወንበር ላይ ሆኖ ለሚሞክረው ሰው ከዚህ የሚመች ጊታር ማግኘት ከባድ ነው። ጣጣው የሚመጣው ቆሞ ማንገቻ ላይ ሲሰቀል ነው።

ጊታር አምራቹ ጊብሰን ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያወጣ ቦዲውን አቅልሎ አንገቱን ከቦዲው ብዙ አስወጣው። የፊተኛው የማንገቻ ቁልፍም ከቀንዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከጀርባ፣ አንገቱ ቦዲውን በሚነካበት ቦታ ተቀመጠ። ስለዚህ ከቁልፉ ወዲያ ያለው አንገት፣ ራስና ስድስት መቃኛ ነው፤ ወዲህ ያለው ደግሞ ቀጭን እንጨት። የክብደቱ መሀል ወደ ፊተኛው ቁልፍ በተጠጋ መጠን ራሱ ይደፋል። ፌንደር የተባለው ሌላው አምራች በሠራው ስትራቶካስተር ላይ ግን የላይኛው ቀንድ ወደ 12ኛው ፍሬት ድረስ ይረዝማል፣ ቁልፉም ጫፉ ላይ ነው። ያ ቀንድ ለውበት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሥራው ግን ሚዛን መጠበቅ ነው።

የሚደፋ ጊታር የያዘ ሰው ሳያውቀው ግራ እጁን ሁለት ሥራ ያሠራዋል። አንዱ ክሮቹን መጫን፣ ሌላው አንገቱን ሽቅብ መደገፍ። ትዝታ ላይ ክር ስቦ ድምፁን ለማስለቀስ አውራ ጣት ነፃ መሆን አለበት፤ አንገቱን የተሸከመ አውራ ጣት ግን ከቦታው አይነቃነቅም፣ ድምፁም መድረስ ካለበት ሳይደርስ ይቀራል። ልጁ ለወራት «ክሩ ከብዶኛል» እያለ ቀጭን ክር ሲቀይር የከረመው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ከክሩ አልነበረም።

ጥገናውን በተመለከተ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ብዙ አንገት የሚበላሸው ከወደቀ በኋላ ነውና። ውፍረቱ በኢንች ሺኛ ሲለካ ከ10 እስከ 46 ያለው የተለመደው የክር ስብስብ ተቃኝቶ ሲቆም አንገቱን ወደ 44 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስበዋል። ስለዚህ ስንጥቅ እንደታየ እዚያው መድረክ ላይ ስድስቱንም ክር ማላላት ይገባል። እዚህ ግን ጊታሩ እንደተቃኘ ሳጥን ውስጥ አደረ፤ ጠዋት ደግሞ አንዱ «ድምፁ ደህና እንደሆነ እንየው» ብሎ ከፍ አድርጎ ቃኘው። ፀጉር የምታህል የነበረችው ስንጥቅ ጥፍር የምታስገባ ሆና ነው ፒያሳ የደረሰችው።

ጠጋኙ ስንጥቁን በቀስታ ከፈት አድርገው በቀጭን ምላጭ የእንጨት ኮላ እስከ ውስጥ ድረስ አስገቡ፣ ግራና ቀኙን በላስቲክ የተሸፈነ ጣውላ ደግፈው በሁለት ሞርሳ አሠሩት፣ የወጣውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ። 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። ሱፐር ግሉ ያፈሰሰ ሰው ካለ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ እንጨቱ በትክክል ሳይገጥም ይይዛል፣ በኋላ የሚገባውንም ኮላ እንጨቱ አይቀበለውም።

ኮላው እስኪደርቅ ጊታሪስቱ ሥራ ስላለበት ሌላ ጊታር ፍለጋ ተገባ። ጠጋኙ በአንድ ቅድመ ሁኔታ አብረውት ወጡ፦ የራሱን ማንገቻ ይዞ፣ መድረክ ላይ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ እንዲመጣ። ሸሚዙ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ናይሎን ማንገቻ በሚያንሸራትት ሸሚዝ ላይና በሹራብ ላይ አንድ አይደለም። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የተለመደው አሠራር ጊታሩን ከግድግዳ አውርዶ ከወንበር ጋር መስጠት ነው፤ ማንገቻ የሚያቀርብ ሻጭ ብርቅ ነው። ቆሜ ልሞክር የሚል ደንበኛም እንደ አስቸጋሪ ይታያል። ይታይ። ገንዘቡ የደንበኛው ነው።

መጀመሪያ የተነሣው የቴሌካስተር ቅርጽ ነው። ሚዛኑ ጥሩ ነው፣ እጅ ሲለቀቅ አንገቱ ካለበት አይወርድም። ግን ቦዲው 4.5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጠፍጣፋ ጣውላ ነው፤ የላይኛው ጠርዝ ቀኝ ክንድ ላይ፣ የጀርባው ጠርዝ የጎድን አጥንት ላይ ያርፋል። ይህ አዲስ ስሞታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፌንደርን ከሙዚቀኞቹ የደረሰው አንዱ ቅሬታ ይኸው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተር ሲወጣ ክንድ የሚያርፍበትና ሆድ የሚነካው ቦታ ተጠርቦ ነው የመጣው። የእኛ ሙዚቃ ይህን ጥርብ ከሌላው አብልጦ ይፈልገዋል። ችክችካ በ6/8 ምት ቀኝ እጅ ሳያርፍ የሚመታበት ነው፤ አንድ ዘፈን ከጭፈራው ጋር አሥር ደቂቃ ሲረዝም ክንድ በዚያ ጠርዝ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማሰብ ነው። ልጁ ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ከመታ በኋላ ክንዱ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ጠጋኙ መስመሩን አሳዩትና ጊታሩን ወደ ግድግዳው መለሱት።

ባለ ሰፊ ቦዲው፣ የ335 ዓይነቱ፣ ወዲያው ቀረ። ስፋቱ 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለቁመተ አጭሩ ልጅ ክርኑ ወደ ውጭ እየወጣ ትከሻው ተነሣ። ለሌላ ሰው ግሩም ጊታር ነው። የቪ ቅርጽ ያለውን ሻጩ ሲያወርድ ጠጋኙ ሳቁ፤ ቆመው ሲጫወቱት መጥፎ አይደለም፣ ተቀምጦ ልምምድ ለሚሠራ ግን ጭን ላይ የሚያርፍበት ወገብ የለውም። በነገራችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው፣ ለምሳሌ ለስቱዲዮ ሠራተኛ ወይም ለተማሪ፣ ምርጫው ሌላ ነው። ለእሱ ወገቡ ሰያፍ የሆነው የጃዝማስተር ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው፣ ሊታይ ይገባዋል፤ የሚደፋ ጊታርም ቢሆን ጭን ስለሚይዘው ብዙ አይጎዳውም።

የቀሩት ሁለት የስትራት (የስትራቶካስተር) ቅርጾች ነበሩ። ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ሚዛን ላይ ሲወጡ አንዱ 3.4፣ ሌላው 3.9 ኪሎ ሆኑ። እንጨት ነውና ይለያያል፤ የሞዴሉን ስም ብቻ ይዞ «ቀላል ነው» ማለት አያስኬድም። በእጅ የሚንጠለጠል የሻንጣ ሚዛን ለዚህ ይበቃል። ከባዱ የአንገት አያያዙ ይሻል ነበርና ልጁ ወደዚያ ሳበው። ጠጋኙ ግን ሁለቱንም እያፈራረቁ ለረጅም ጊዜ አስቆሙት። በየመሀሉ «እጅህን ልቀቅ» ይላሉ፤ ይለቃል፣ አንገቱ ትንሽ ሽቅብ እንደተነሣ ይቆያል። «አሁን እስክስታ» ሲሉት ሻጩም ሳቀ፤ ማንገቻው ግን የተፈተነው ያኔ ነው። የማንገቻውንም ርዝመት አስተካከሉ፣ ልጁ ቆሞ ሲጫወት ጊታሩ ተቀምጦ ከሚይዝበት ከፍታ ብዙ ዝቅ እንዳይል። ጊታር ጉልበት ላይ ሲንጠለጠል ለዓይን ያምራል፣ ግራ አንጓ ግን ተጠምዞ ያድራል። በመጨረሻ 3.4 ኪሎው ተገዛ።

የተጠገነው ኤስጂም አልተጣለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊታር መጀመሪያ የሚሞከረው ማንገቻው ነው፦ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ የውስጥ ገጹ ሻካራ የሆነ ቆዳ። ይህ መደፋቱን አያጠፋም፣ ሸሚዝ ላይ መንሸራተቱን ይይዛል እንጂ። ከዚያ መቃኛዎቹን በቀላል ዓይነት መለወጥ ይቻላል፤ ከቁልፉ በጣም ስለሚርቁ ከዚያ የሚቀነስ ጥቂት ግራም ብዙ ይሠራል። ሦስተኛው ቁልፉን ወደ ላይኛው ቀንድ ጀርባ ማዛወር ነው። እዚህ ላይ ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ በታሰበው ቦታ በገመድ ታስሮ ይሞከር፤ ቀንዱ ቀጭን ስለሆነ የተበሳ ሁሉ አይመለስም። ለተለመደው የቁልፍ ብሎን 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀዳዳ ይበቃል፣ ብሎኑ ጥርስ ላይ ሳሙና ይቀባል፣ በካቻቢቴ በእጅ ይጠበቃል እንጂ በማሽን አይደለም። የድሮው ቀዳዳ ከላላ በስቴኪኒና በእንጨት ኮላ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይበሳል።

ማንገቻ እንዳይሾልክ ደግሞ ከቁልፉ ራስ ሥር የምትገባ የቧንቧ ጎሚኒ ከብዙ ጣጣ ታድናለች። ናይትሮ በሚባለው የቀለም ዓይነት የተቀባ ጊታር ላይ ግን ላስቲክ ቀለሙን ነክቶ ሲቆይ ያበላሸዋልና እዚያ የጨርቅ ቀለበት ይሻላል።

አዲሱ ጊታርም ያለ ስሞታ አልመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሶሎ መሀል ድምፁ እየጠፋ ባንዱን አስደነገጠ፤ የስትራት የድምፅ መቆጣጠሪያ ለክሮቹ ቅርብ ስለሆነ ችክችካ ሲመታ ትንሿ ጣቱ እየነካች ትዘጋው ነበር። ጠጋኙ መቆጣጠሪያውን ነቅለው ከሥሩ ቀጭን የጨርቅ ቀለበት አደረጉበት፤ ሲዞር ትንሽ ይከብዳል፣ ጣት ስትነካው ግን አይንቀሳቀስም።