ሁለት ሜትር ተኩል ጭላዳ

ጭላዳ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ቁጭ ብሎ ሳር ይነቅላል። አጠገቡ ያለው ሲያልቅበት እንኳን አይነሳም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሳር ያልፋል። ትልቅ የጭላዳ ሐውልት እንድሠራ ስታዘዝ ከአሠሪዬ ጋር መጀመሪያ የተከራከርነው በዚህ ነው።

አሠሪዬ መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ሳር ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ እየገነባ ያለ ሰው ነው። መግቢያው ላይ ከመኪና ውስጥ ሆነው የሚያዩት ጭላዳ እንዲቆም ይፈልጋል። እስከዚህ ተስማማን። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። በአራት እግሩ የቆመ ወንድ ጭላዳ ነው፤ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን አውጥቷል። «እንዲህ አድርጊልኝ፣ ሰው ሲያየው ይደንግጥ» አለኝ።

አልፈርድበትም። እኛ አገር የእንስሳ ሐውልት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አንበሳ ነው። አዲስ አበባ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ የማያውቅ የለም። ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ ነው የሠራው። ለ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ቆመ፣ ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ተተከለ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ደግሞ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ካልካ በተለይ ፀጉር አንድ በአንድ ሳይቆጥር ጋማ ማሳየት እንደሚቻል አስተምሮኛል። ግን ሁለቱም የቆሙት የንጉሥን ኃይል እንዲያሳዩ ነው። ጭላዳ የማንንም ኃይል አያሳይም። ሳር በል ነው። በዱር የሚኖረውም በእኛው አገር ብቻ ነው። እሱን ለማክበር ጥርሱን ማስወጣት ለምን ያስፈልጋል?

ክርክሩን በአፍ ልጨርሰው አልሞከርኩም። አሠሪዬን ይዤው ጓሳ ወጣሁ። በጠዋት ገደሉ አፍ ላይ ደርሰን ጠበቅን። ጭላዶች የሚያድሩት ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ሲወጣ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ብቅ ይላሉ፣ መጀመሪያ ይሞቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር ይፈትሻል፣ ከዚያ ግጦሽ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ብዙም አይነሱም። አሠሪዬ የዚያ አገር ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያያቸው ኖሯል። ቁጭ ብሎ ረጅም ሰዓት ሲያያቸው ግን የመጀመሪያው መሆኑን ራሱ ነገረኝ።

እዚያው ደረታቸውን አሳየሁት። ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው። ወንዱ ኃይለኛና ብዙ ሴቶች ያሉት ሲሆን ቀለሙ ይደምቃል። ሌሎቹ የዝንጀሮ ዓይነቶች እንዲህ ያለው ምልክት ከኋላቸው ነው ያላቸው። ጭላዳ ተቀምጦ ስለሚውል ምልክቱ ወደ ደረቱ መጣ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ለቀራፂ ግን ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም። በአራት እግሩ ብናቆመው ያ ቀይ ደረት ይደበቃል፤ ብናስቀምጠው ከመንገዱ ፊት ለፊት ይታያል። አሠሪዬ «በቃ ይቀመጥ» አለ። ጥርሱም በዚያው ቀረ።

ስለ ጓሳ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ያ ሳር እስካሁን የቆየው በራሱ አይደለም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ድሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ነበር። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆነው ይታጨዳል። ሳሩ ስለተጠበቀ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ። ሐውልቱ እጅ ላይ ያለውን ሳር አጥብቄ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ሥራው የተሠራው ደብረ ብርሃን፣ ጓሯችን ውስጥ ነው። በአጣናና በቆርቆሮ የተሠራች፣ አንድ ጎኗ ክፍት የሆነ መጠለያ አለችን። ታናሽ ወንድሜ በያጅ ነው፤ በሮችና መስኮቶች እዚያው ይሠራል፣ እኔ ግማሹን ቦታ ወስጄበታለሁ። የግቢያችን በር ሲከፈት ሁለት ሜትር ነው። ሐውልቱ ደግሞ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በሁለት ክፍል እንዲሆን አድርጌ ነደፍኩት። ታችኛው መቀመጫው፣ ሆዱና እግሮቹ ናቸው፤ ላይኛው ደረቱ፣ ክንዶቹና ራሱ። የሚገጥሙበት መስመር ከኋላ በጋማው ጫፍ ሥር ይደበቃል፣ ከፊት ክንዶቹ ይጋርዱታል።

ክብደቱን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሐውልቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ በፌሮ አፅም ላይ በሞርታር፣ ማለትም በሲሚንቶና በአሸዋ ቡኮ ይለሰናል። ቆዳው 12 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲባዛ ከሜትር ኩብ አንድ ሦስተኛውን ያልፋል። አንድ ሜትር ኩብ ሞርታር ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ፌሮው ሲጨመር ሐውልቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል ማለት ነው። እውነተኛው ወንድ ጭላዳ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ውስጡ ባዶ ባይሆን ኖሮ ማንም መኪና ላይ አያወጣውም ነበር።

በመጀመሪያ ከሸክላ አፈር ግማሽ ሜትር የሆነ ሞዴል ሠራሁ። እያንዳንዱ ልኬት በአምስት ይባዛል። እጆቹን ለመጨረሻ ትቼ ነበር፤ ጎረቤታችን እማማ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

እማማ መንዝ ነው ያደጉት። ልጅ ሆነው ሥራቸው ወንጭፍ ይዞ የገብስ ማሳ ከጭላዳ መጠበቅ ነበር። ሞዴሉን ሲያዩ ፊታቸው ተቋጠረ።

«ለዚህ ለሌባ ነው ሐውልት የምትሠሪለት ልጄ?»

ከልባቸው ነው የተናገሩት። ገብሱ የተበላበት ቤት ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃሉ። ምን እንደምመልስላቸው ግራ ገባኝ፤ ቡና አፍልቼ አስቀመጥኳቸው። ትንሽ ቆይተው ግን ወደ ሞዴሉ ተጠጉና ያላለቁትን እጆች ነካ ነካ አደረጉ።

«በሁለቱም ነው የሚበላው። አንዱ እጁ ሥራ አይፈታም። ነቅሎ ነቅሎ መዳፉ ውስጥ ያከማቻል፣ ሲሞላለት ነው ወደ አፉ የሚለው።»

«እስቲ ያሳዩኝ እማማ።»

ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው መሬት ተቀመጡና አሳዩኝ። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ብቻ ይለቅማሉ፣ የቀሩት ሦስቱ ታጥፈው የተለቀመውን ይይዛሉ። በስልኬ ቀረፅኩት። በኋላ እንዳነበብኩት የጭላዳ ጠቋሚ ጣት አጭር ስለሆነ አውራ ጣቱ በደንብ ይገጥመዋል፤ ሳሩን አንድ በአንድ የሚለቅመው በዚህ ነው። እማማ ይህን ያወቁት በወንጭፍ ርቀት ላይ ሆነው፣ ጠላታቸውን ሲጠብቁ ነው። ጭላዳን እንደሳቸው ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ሐውልቱ ላይ ያሉት እጆች የሳቸው ናቸው ማለት እችላለሁ።

አፅሙን ወንድሜ በየደው። ጀርባው ባለ 16 ሚሊ ፌሮ፣ ጎድኑ ባለ 12፣ ጣቶቹ ባለ 8። በላዩ ላይ የዶሮ ሽቦ በድርብርብ ይለብሳል፣ በማሰሪያ ሽቦ በፒንሳ እየተጠመዘዘ ይጠበቃል። አሰልቺው ሥራ ይኼ ነው። ግን እዚህ ላይ ቅርፁ ካልመጣ በሲሚንቶ አይመጣም። ጉንጩ ጎድጎድ ማለት ካለበት ሽቦው ላይ ነው ጎድጎድ የሚለው። መዳፉ ውስጥ ያለውን ሳር እንዳይዝግ ከጋልቫናይዝድ ሽቦ ሠራነው፤ ልጆች መውጣታቸው ስለማይቀር ጫፍ ጫፉን አጠፍነው።

ሞርታሩ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ የታጠበና የተነፋ አሸዋ ነው። ውሃ ሲበዛበት ይወርዳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ደረቅ ያለ ነው የሚቦካው። የመጀመሪያው ልስን በጓንት እጅ ሽቦው ውስጥ እየተጫነ ነው የሚገባው። ጓንት ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ሲሚንቶ እጅ ያቃጥላል። ሽቦው በሞርታር በደንብ ካልተሸፈነ ደግሞ ይዝግና ውሎ አድሮ ሐውልቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

የደብረ ብርሃን ሰው ብርድን አይፈራም፤ ሲሚንቶ ግን ይፈራል። ከተማችን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሳይጠነክር ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ የሆነበት ልስን አይድንም። ስለዚህ ልስን ረፋድ ላይ ይጀመራል፣ ከሰዓት በጊዜ ይቆማል። ማታ እርጥብ ጆንያ፣ በላዩ ፕላስቲክ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ብርድ ልብስ የሚሠራባት ከተማ ውስጥ መኖር ጠቀመኝ፤ ከየጎረቤቱ አሮጌ አሮጌውን ሰብስበን አለበስነው። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥበቱ መጥፋት የለበትም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሃ ለማጠጣት ይሻሙ ነበር።

ጋማው ላይ ብዙ ቆየሁ። ከወንዱ ትከሻ ላይ የሚወርደው ፀጉር እረኛ በዝናብ የሚደርበውን ገሳ ነው የሚመስለው፤ ከባድ ሆኖ ይወርድና ጫፉን ነፋስ ያነሳዋል። ፀጉር በፀጉር ቢሠራ ከሩቅ ምንም አይታይም። እኔ በጥቅል በጥቅል ነው የሠራሁት፤ በጥቅሎቹ መካከል ጥላ የሚይዝ ጥልቅ መስመር አለ፣ ላይ ላዩን ብቻ በአሮጌ የብረት መጋዝ ምላጭ አበጠርኩት። መስመሮቹ ሁሉ ቁልቁል ነው የሚወርዱት፣ አንድም ቦታ ውሃ አይቋጥሩም። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ጓሳ ላይ በበጋ ሌሊት ደግሞ በረዶ ይሠራል። ጋማው ውስጥ የተቋጠረ ውሃ በጥቂት ዓመት ቅርፊቱን ይልጠዋል።

ቀዩን ደረት በቀለም አልቀባሁትም። ቀይ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ከመጨረሻው ስስ ልስን ጋር አብሮ ተቦካ። ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ተልጦም አይወድቅም። የዓይኑ ቆብ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ልስን ተጠቀምኩ፤ ጭላዳ ሲቆጣ ቅንድቡን ስቦ የሚያሳየው ነጣ ያለ ቆብ አለው። የእኔው አልተቆጣም፤ ወደ እጁ ነው የሚያየው፣ ቆቡ ግን በግማሽ ይታያል።

ስለ ገንዘብ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች፦ በሦስት ጊዜ ነው የተከፈለኝ። ፌሮና ሲሚንቶ መግዣው በቅድሚያ፣ ሁለተኛው አፅሙ ሲያልቅ፣ የቀረው ሲተከል። ውሉ ላይ ማጓጓዣ በማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

የተጫነው በአይሱዙ ነው፣ ሁለቱ ክፍል ጎን ለጎን፣ ሥራቸው የገለባ ጆንያ ተነጥፎ። ከግቢ ያወጣነው በቧንቧ ብረት ላይ እያንከባለልን ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ ገፍቷል። እማማም በር ላይ ቆመው ነበር። «ሂድ እንግዲህ፣ ገብስ እንዳትነካ» ብለው መረቁት።

እዚያ ስንደርስ ላይኛው ክፍል በክሬን ተነስቶ ብሎኖቹ ላይ ተቀመጠ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ገጠሙ። ወንድሜ ብሎኖቹን አጥብቆ በየዳቸው፣ እኔ መጋጠሚያውን ለሰንኩና ጋማውን አበጠርኩበት። ከመንገድ ማዶ ሆኜ መስመሩን ፈለግሁት፤ አይታይም። ዘበኛው ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጡልኝ ነው፣ ማታ ማታም ያለብሱታል።

አሁን ሌላ ሥራ መጥቷል። የመንዝ በግ ነው፤ ከነፀጉሩ፣ አውራው። ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራበትን ያንን ሻካራ ፀጉር በሲሚንቶ እንዴት እንደማመጣው ገና እየሞከርኩ ነው። ቀንዱ በደንብ የተጠመዘዘ አውራ በግ ያላችሁ፣ ከጎንና ከፊት ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ በጣም ይጠቅመኛል። ከተቻለ ቆሞ ሲያመሰኳ።