ሳጋር እና የሰነድ ክፍሏ ልጅ

ግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። ያኔ ድሬዳዋ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ሳጋር የሚባል አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ እየመጣ ነው ተባለ። የስምሪት ክፍሉ ልጅ ፌስቡክ ላይ ያገኘውን የሳተላይት ቪዲዮ ለሁሉም ያሳያል። መሃሉ የተበሳ፣ የከባድ መኪና ጎማ የመሰለ ማዕበል ይሽከረከራል።

«አቦ ይሄ እኮ አይሞትም! ራሱን በራሱ የሚመግብ ነው ይላል። መኪኖቹን ለሳምንታት እናቁም!»

ወደብ ላይ የተቀመጠ ኮንቴይነር ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል። አለቃችን ፊታቸው ተቀያየረ። ከዚያ ወደ ሰነድ ክፍል ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ የአየር ጠባይ አይደል የተማርሽው?»

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሚቲዎሮሎጂ ተምራ፣ እኛ ጋ ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ቅጽ፣ ስትሞላ ነው የምትውለው። ሥራ ያገኘችው እዚህ ነዋ! ቪዲዮውን አየችና ሳቅ አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳጋር አይደለም። ኢዛቤል ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 አትላንቲክ ላይ የተነሳች።»

ከዚያ አስረዳችን። ሃሪኬን የሚሉት በጣም የበረታውን የባሕር አውሎ ነፋስ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ዓይኑ ይባላል። ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ሃሪኬን ከዓይኑ ዙሪያ ካለው የደመና ግድግዳ ውጪ የተጠማዘዙ የዝናብ ክንዶች አሉት። እነዚህ ተሰባስበው ሁለተኛ ግድግዳ ሲሠሩ የውስጠኛውን እርጥበት ይሻሙታል። ነፋሱ ይደክማል፤ ከዚያ ምናልባት እንደገና ይበረታል። እንደ ኢዛቤል ያሉት ቀለበት መሳዮቹ ግን ዓይናቸው ሰፊ፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። የዝናብ ክንድ የላቸውም ማለት ይቻላል። የሚያንቃቸው ስለሌለ ጉልበታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ከመቶ ሃሪኬን ሦስት አራቱ ቢሆኑ ነው። ናፍ እና ኮሲን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ለይተው የገለጿቸው ያው በ2003 ነው። ትንበያ ሠሪዎች ቶሎ ይዳከማሉ ሲሉ እነሱ አልዳከምም ይሉ ነበር።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እንዲህ የሚቆዩት በጣም በሞቀ ባሕር ላይ አይደለም። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ገደማ ይበቃቸዋል፤ ዋናው ሙቀቱ አለመዋዠቁ ነው። ከላይና ከታች ያለው ነፋስም ብዙ መለያየት የለበትም።

«ታዲያ ራሱን ይመግባል አይደል?» አለ የስምሪቱ ልጅ። እጅ አይሰጥም።

«የሚመግበውማ ባሕሩ ነው። ኢዛቤልም የመጨረሻው ከባድ የሆነውን አምስተኛ ደረጃ ደርሳ፣ ነፋሱ ሲለያይባት ሰሜን ካሮላይና የገባችው ሁለተኛ ሆና ነው።»

ሳጋርስ? የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠባብ ነው፤ ከሁለቱም በኩል ደረቅ የብስ አለ። ሃሪኬን ደረጃም አልደረሰም። «የሚያሳስበኝ ነፋሱ ሳይሆን ውሃው ነው» አለች።

ይሄን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደጫቱ ወንዝ ከላይ ከሐረርጌ ተራሮች ጎርፍ ይዞ በሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው የጨረሰው። አለቃችን ወዲያው ገባቸው። መኪኖቹ ለሳምንታት ይቁሙ የሚለው ቀረ። ይልቅ የደረቁ ወንዞች መሻገሪያ እስኪጣራ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አዘዙ። ሾፌሮቹ አጉረመረሙ፤ አለቃችን ግን አልሰሟቸውም።

ሳጋር ግንቦት 11 ሶማሌላንድን መታ። ነፋሱ የብስ ሲነካ ደከመ። ጎርፉ ግን እዚያ ከ50 በላይ ሰው ገደለ፤ የጅቡቲ ከተማ ጎዳናዎችም ተጥለቀለቁ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ መኩኑ የሚባል ሌላ መጣና ኦማን ውስጥ ሳላላን መታ። እሱ የምር ሃሪኬን የሚያህል ነበር።

ይሄኔ አለቃችን ልጅቷን ቢሮ ጠርተው «በየትኛው ወር ነው እነዚህ የሚበዙት?» አሏት። ከክረምቱ ዝናም በፊትና በኋላ፣ ግንቦት አካባቢና ኅዳር አካባቢ ብላ ነገረቻቸው። የስምሪት ክፍሉ ካላንደር ላይ ወሮቹ በቀይ እስክሪብቶ ተከበቡ። ደመወዝ ግን አልጨመሩላትም።